ቮልስ 1300፦ በሦስት ትሠራለች፣ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ትጠፋለች። ሞተር ይውረድ?

ውርጭ_70 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ሰላም ለቤቱ። መኪናዋ በፈረንጅ 1970 የተሠራች ቮልስ 1300 ናት። 12 ቮልት፣ ካርቡራቶሯ ሶሌክስ 30 ፒክት 2፣ ዲስትሪቢውተሯ ባለ ፑንቲና (የእሳቱን ኤሌክትሪክ የሚቆራርጠው መነካኪያ)፣ ቫኪዩም ያለው። ውሎዋ ደብረ ብርሃን ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ሸዋ ሮቢት ወርዳ ትመለሳለች።

ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ስትሠራ፣ ትንቀጠቀጣለች። ከማርሚታው የተቆራረጠ "ፑፍ፣ ፑፍ" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ስትሞቅ ይብስባታል። ይህ ሁልጊዜ ያለ ነው። ሌላው ደግሞ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስትወጣ፣ በተለይ ጉም በያዘው ቀን፣ ጉልበቷ ያልቃል፣ ታስላለች፣ እግር ከቤንዚን ላይ ሲነሣ ትጠፋለች። ጥግ ይዛ አሥር ደቂቃ ከቆመች ግን ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች።

ካንዴላ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። አራቱም ጥቀርሻ ለብሰው ይወጣሉ፤ የ3ኛው ከጥቀርሻውም በላይ እርጥብ ነው። ኮምፕሬሽን ከ1ኛው እስከ 4ኛው ተለክቶ 78፣ 76፣ 44፣ 80 ፒኤስአይ ወጣ። ጋራዡ "አራቱም ሞተዋል፤ ሞተር ወርዶ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ይቀየር" ብሏል። ከመውረዱ በፊት ምን ልይ?

---

ጋሽ_ካንዴላ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:25

ለጊዜው አይውረድ። የጻፍካቸው ቁጥሮች ራሳቸው ከጋራዡ ጋር አይስማሙም። ፋሻ ሲያልቅ አራቱም ተያይዘው ነው የሚወርዱት፤ እዚህ ግን ሦስቱ ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ብቻ ተለይቶ ወድቋል። የወደቀውም 3ኛው መሆኑ አያስገርምም። እስከ 1970 ሞዴል ድረስ በነበሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ማራገቢያው ላሜራ ውስጥ፣ ልክ ከ3ኛው ሲሊንደር ፊት ተገትሮ ነው የሚቀመጠው። 3ኛው የሚደርሰው አየር ቀንሶና ሞቆ ነው። ስለዚህ የጭስ ማስወጫ ቫልቮላው ከሌሎቹ ቀድሞ ይለጠጣል፣ ክፍተቱ ይጠፋል፣ ቫልቮላው ጥርቅም ብሎ መዝጋት ያቆማል። ያኔ ኮምፕሬሽኑ በጭስ ማውጫው ያመልጣል፤ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ካንዴላውን ያረጥባል።

ካርቡራቶሩን ማንም አይንካ። የመጀመሪያው ሥራ የቫልቮላ ክፍተት ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ እሳት፤ ቤንዚን መጨረሻ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አንዱን ጉድለት በሌላው እየሸፈኑ መዞር ነው።

ሞተሩ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ መሆን አለበት። ደብረ ብርሃን ማለዳ ላይ መቀዝቀዙን ማንም አይጠራጠርም። አራቱንም ካንዴላ ፍታ፣ ሞተሩ በእጅ በቀላሉ ይዞርልሃል። የዲስትሪቢውተሩን ክዳን አንሣና በዲናሞው ዳዶ፣ በ21 መፍቻ፣ ሞተሩን ወደ ቀኝ አዙር፤ ቺንጋው መወጠር አለበት፣ ካልሆነ ይንሸራተታል። ሮተሩ በዲስትሪቢውተሩ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ ጭረት ሲያይና የፑሌጃው ምልክት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር ሲገጥም 1ኛው ላይ ነህ።

ቁጥሮቹ እንዳይምታቱብህ፦ ፊትህን ወደ መኪናዋ አፍንጫ አዙረህ፣ በስተቀኝ የፊተኛው 1፣ የኋለኛው 2፤ በስተግራ የፊተኛው 3፣ የኋለኛው 4። በየቴስታታው (ቫልቮላዎቹን የያዘው የሲሊንደሮቹ ክዳን) ዳርና ዳር ያሉት የጭስ ማስወጫ ናቸው፣ መሐል ያሉት ሁለቱ የማስገቢያ። ክፍተቱ ለሁሉም 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ፊለሩ (ክፍተት መለኪያው ስስ ብረት) ትንሽ እየያዘ መንሸራተት አለበት። 13 ዳዶውን ስታጠብቅ ብሎኑ አብሮ ይዞራል፣ ስለዚህ ካጠበቅህ በኋላ እንደገና ለካ። 1ኛውን ስትጨርስ ፑሌጃውን ግማሽ ዙር ወደ ግራ መልስ፣ 2ኛው ላይ ትደርሳለህ፤ ሌላ ግማሽ ዙር 3ኛው፤ ሌላ ግማሽ 4ኛው።

ከማስተካከልህ በፊት የነበረውን ልክ መጻፍ እንዳትረሳ። ምርመራው እሱ ነው፣ ማስተካከሉ አይደለም።

---

ከፍታ_ለኪ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ጋሽ ካንዴላ ስለ 44ቱ ተናግረዋል፤ እኔ ስለ 78ቱ ልጨምር። ብዙ ሞተር ሸዋ ውስጥ ያለ ኃጢአቱ የሚፈታው በዚህ ቁጥር ነው።

የኮምፕሬሽን መለኪያ የሚያነበው ፒስተኑ ስቦ ያስገባውን አየር ጨምቆ የደረሰበትን ግፊት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 72 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። የሚገባው በዚያ ልክ ካነሰ የሚጨመቀውም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ባሕር ጠረፍ ላይ 110 የሚያነብ ጤናማ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ 79 ያነባል። ያው ሞተር፣ ያው ፋሻ፣ ሸዋ ሮቢት ወርዶ በ1,280 ሜትር ገደማ ቢለካ ወደ 94 ይደርሳል። የመጽሐፉ ሠንጠረዥ ስለ ከፍታ ምንም ሳይል ቁጥሩን ብቻ ይሰጣል፤ ጋራዡም ያንን ቁጥር ይዞ ነው የፈረደው።

አንተ ያገኘኸው 78፣ 76፣ 80 ደህና ሞተር ነው።

አለካኩም ይታይ። አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ሞተሩ ሞቅ ብሎ፣ የቦቢናው ሽቦ ተነቅሎ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ መሆን አለበት። ፔዳሉ ካልተረገጠ ቢራቢሮው (በካርቡራቶሩ ጉሮሮ ያለው መዝጊያ) አየሩን ያንቀውና ሁሉም ዝቅ ብሎ ይነበባል።

---

የመንዝ_በግ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:22

3ኛው ላይ ዘይት ጠብ አድርገህ ድገመው። ከወጣ ፋሻ፣ ካልወጣ ቫልቮላ። አለቀ።

---

ጋሽ_ካንዴላ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

የመንዝ በግ፣ ይህ ቀጥ ብሎ ለቆመ ሞተር ነው። ቮልስ ሞተሯ ተጋድሞ ነው። የምትጨምረው ዘይት በሲሊንደሩ ሆድ ላይ ይተኛል፣ የፋሻውን የላይኛውን ግማሽ አያገኘውም። ውጤቱ ወዲያም ወዲህም ሊያሳስት ይችላል።

የሚሻለው የአየር ፍተሻ ነው። ያረጀ ካንዴላ ሸክላውን ሰብሮ ማውጣት፣ በቀረው ብረት ላይ የአየር ቱቦ ማስበየድ፣ ከዚያ ጎሚስታ ቤት ሄዶ ከኮምፕሬሰሩ ጋር ማገናኘት። 3ኛውን ሁለቱም ቫልቮላ ወደሚዘጉበት፣ ፒስተኑ ጫፍ ወደሚደርስበት ቦታ አምጣ፤ 4ኛ ማርሽ አስገብተህ እጅ ፍሬን ያዝ፣ አለበለዚያ አየሩ ሞተሩን ያዞረዋል። ግፊቱ ከ2 እስከ 3 ባር ይበቃል። ከዚያ ጆሮህን ስጥ። ከማርሚታው ጫፍ የሚያፏጭ ከሆነ የጭስ ማስወጫ ቫልቮላ ነው፤ ከካርቡራቶሩ አፍ ከሆነ የማስገቢያው፤ ዘይት ከሚሞላበት ከሆነ ፋሻ። ትንሽ የፋሻ ትንፋሽ በማንኛውም ሞተር አለ፣ እሱ አያስደንግጥህ።

---

ቦቢና_12 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ቫልቮላው እንዳለ ሆኖ፣ እሳቱ ሳይታይ እንዳይታለፍ። በጥቀርሻ ላይ የሚመታ ደካማ እሳት ቫልቮላ ተስተካክሎም ያስነክሳል።

ፑንቲናው፦ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ጉጡ በካሙ ጫፍ ላይ ሲቆም የሚለካ። ጉጡ እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ ክፍተቱ ሲጠብ ታይሚንጉ (እሳቱ የሚመታበት ቅጽበት) ወደ ኋላ ይዘገያል። ስለዚህ ታይሚንግ የሚስተካከለው ከፑንቲና በኋላ ነው፣ በፊት ከሆነ ሁለት ጊዜ ነው የምትሠራው። ካሙ ላይ የክብሪት ራስ የምታህል ግሪስ አድርግ፤ ያለ ግሪስ ጉጡ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ይበላል፣ ከበዛ ደግሞ ተረጭቶ ፑንቲናውን ያቆሽሻል። የፑንቲናው ፊት ሰማያዊ ከሆነ ወይም አንዱ ጎን ጉብታ ሌላው ጉድጓድ ካወጣ ኮንዴንሰሩ ነው፣ አብሮ ይቀየር። አዲስ ኮንዴንሰር ገዝተህ ከባሰ አሮጌውን መልሰህ ሞክር፤ አሁን ገበያ ላይ ያለው ብዙው ከአሮጌው የማይሻል ነው።

ቦቢናው፦ ገመዶቹን ነቅለህ በቴስተር በ1 እና በ15 መካከል ለካ፣ 3 ኦም አካባቢ መሆን አለበት። 1.5 ከሆነ ተጨማሪ ሬዚስተር የሚፈልግ የሌላ መኪና ቦቢና ነው የተገጠመልህ፤ ፑንቲናህን ይበላዋል። ከመሐሉ እስከ 15 ደግሞ ከ7 እስከ 10 ሺህ ኦም። ወደ ፑንቲናው የሚሄደው ሽቦ 1 ላይ ነው። ተገላብጦ ቢታሠርም ሞተሩ ይነሣል፣ እሳቱ ግን ይደክማል፤ ስለዚህ ማንም ሳያስተውለው ዓመት ሊቆይ ይችላል።

የካንዴላ ገመድ ቅደም ተከተል 1-4-3-2፣ ሮተሩ በሚዞርበት በሰዓት አቅጣጫ። ካንዴላው ቦሽ ደብሊው 8 ኤሲ ወይም ኤንጂኬ ቢ5ኤችኤስ፣ ክፍተቱ 0.6 እስከ 0.7። ጥርሱ አጭር፣ 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነው ብቻ። ረጅሙን ብትገጥም ከፒስተኑ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ሞተሩ ግሎ ሳለ አትፍታ፣ ስትመልስ በእጅ ጀምር። ጥርሱ አንዴ ከተላጠ ወጪው ከካንዴላው ጋር አይወዳደርም።

ታይሚንግ ለማሰር ስትሮብ የግድ አይደለም። የ12 ቮልት አምፖል አንዱን ጫፍ ቦቢናው 1 ላይ፣ ሌላውን ማሳ (የሞተሩ ብረት) ላይ አድርግ። ቁልፉን ክፈት፣ ፑሌጃውን ወደ ቀኝ ቀስ እያልክ አዙር። አምፖሉ የሚበራበት ቅጽበት ፑንቲናው የሚከፈትበት ነው። ያ ቅጽበት 7.5 ዲግሪ ምልክቱ ከመጋጠሚያው ጋር ሲገናኝ መሆን አለበት። ፑሌጃው ከሌላ ሞተር የመጣ ከሆነ ምልክቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ያረጋግጡት።

---

ውርጭ_70 | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ማለዳ የተገኘው ይህ ነው። 1፣ 2 እና 4 ሁሉም ከ0.12 እስከ 0.15። የ3ኛው የማስገቢያ 0.13። የ3ኛው የጭስ ማስወጫ ዜሮ፤ 0.05 ፊለር እንኳ አልገባም። ወደ 0.15 ሲስተካከል ኮምፕሬሽኑ ከ44 ወደ 69 ወጣ። ፑንቲናው 0.25 ነበር፣ ወደ 0.4 መጥቷል፤ አምፖሉ ላይ ታይሚንጉ ከምልክቱ አልፎ ነበር የሚበራው፣ እሱም ተስተካክሏል። ቦቢናው 3.2 ኦም።

ሚኒሞዋ ሰምሯል። ጥቀርሻውና የጣርማ በሩ ነገር ግን ይቀራል።

---

ጋሽ_ካንዴላ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5:15

69 ጥሩ ነው፣ ግን 78 አይደለም። ቫልቮላው ሳይዘጋ የቆየበት ጊዜ ጠርዙን ነክቶታል። 300 ኪሎ ሜትር ስትነዳት፣ በብርድ፣ የ3ኛውን የጭስ ማስወጫ ብቻ እንደገና ለካ። 0.15 ላይ ካለ ወይም በትንሹ ከሰፋ እግዚአብሔር ይመስገን። ከጠበበ ንገረን።

ዘይቱንም አሽት። በሦስት የምትሠራ መኪና የማይሠራው ሲሊንደር ያልተቃጠለ ቤንዚን ግድግዳውን እያጠበ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ቤንዚን ከሸተተ ወይም በመለኪያው ዘንግ ላይ ከልኩ በላይ ከወጣ ዛሬውኑ ቀይር። 2.5 ሊትር ይበቃታል። ከሥሯ ያለውን ወንፊት አውጥተህ እጠብ፤ ሁለት ቀጫጭን ጓርኒሲዮን ከላይና ከታች አለው። ስድስቱን ትንንሽ ዳዶዎች ደግሞ በጉልበት አታጥብቅ፣ የሚነቀሉት ብሎኖች ከሞተሩ ገላ ነው የሚወጡት።

---

ጉም_ሰንጣቂ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:30

ወደ ጣርማ በሩ እንምጣ። ይህ የእሳት መሳት አይደለም፣ የበረዶ ነው። በረዶ ስል የሰማዩን አይደለም፤ ካርቡራቶሩ ውስጥ የሚሠራውን ነው።

ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይሰርቃል። ካርቡራቶሩ ጉሮሮ ላይ አየሩን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሊያወርደው ይችላል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በክረምት ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ሲግተለተል አየሩ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሆኖ ውሃ የጠገበ ነው። ያ እርጥበት ቢራቢሮው ጠርዝ ላይና ከሥሩ ማኒፎልዱ አንገት ላይ ይጋገራል። አየሩ ይታነቃል፣ የሚኒሞው ቀዳዳ ይደፈናል፣ እግር ሲነሣ ትጠፋለች። ስትቆም ደግሞ የሞተሩ ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ በረዶውን ያቀልጠዋል፤ አሥር ደቂቃዋ ማለት ይህች ናት። የተበላሸ ቦቢና ቢሆን ኖሮ በብርድና በጉም ሳይሆን በሸዋ ሮቢት ሙቀት ነበር የምትጠፋው።

ይህን ለመከላከል ፋብሪካው ሁለት ነገር ሠርቷል። አንደኛው የማሞቂያ ቱቦ ነው፤ ከካርቡራቶሩ ሥር በግራና በቀኝ ወደ ማርሚታው የሚወርደው ቀጭን ቱቦ። ትኩስ ጭስ ከአንዱ ጎን ገብቶ፣ ማኒፎልዱን አሙቆ፣ በሌላው ይወጣል። በአምሳ ዓመት ውስጥ በጥላሸት ይደፈናል፣ አለመደፈኑ ነው የሚገርመው። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ቀዝቃዛ ሞተር አስነሥተህ 5 ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ተዋት፣ ከዚያ ቱቦውን በሁለቱም ጎን፣ ወደ መሐሉ ጠጋ ብለህ፣ በጥንቃቄ ንካው። ሁለቱም እጅ የሚያቃጥል መሆን አለበት። አንዱ ጎን ታች ብቻ ሞቆ መሐሉ ጤዛ ካወጣ ተደፍኗል።

ማጽዳቱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዲናሞውንና የማራገቢያውን ላሜራ ከፍ ማድረግ ይጠይቃል፣ ከዚያ ማኒፎልዱ ይወጣል። ያረጀ የፍሪሲዮን ገመድ ጫፉን በትነህ ድሪል ላይ እሰርና ከሁለቱም በኩል አስገባው። ድርቅ ያለውን በኦክስጅን እሳት ማቅላት ይቻላል፣ ግን መሐሉ አካባቢ አሉሚኒየም ካለው እሳት አታስጠጋ። ስትመልሰው ከማርሚታው ጋር የሚገናኝበትን ጓርኒሲዮን ቀዳዳና የማርሚታውን ራሱን እይ። አንዳንድ አዲስ የሚሸጥ ማርሚታ ለዚህ ቱቦ የሚሆነው ቀዳዳ ሳይበሳ ነው የሚመጣው! ቱቦውን ብታነጻው ያኔ ከንቱ ነው።

ሁለተኛው ከሞተሩ ሥር ሞቃት አየር ወደ አየር ማጣሪያው የሚያመጣው ወፍራም ቱቦ ነው። ከአሥር ቮልስ በስምንቱ ላይ ጠፍቶ አየዋለሁ ብል አልዋሽም። በውስጡ ያለችው መዝጊያም በነፃ መንቀሳቀስ አለባት።

---

የመንዝ_በግ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:02

ቴርሞስታቱንም ጨምርበት። እሱን አውጥተው ጥለው "ሞተር ይቀዘቅዛል" የሚሉ አሉ። ደብረ ብርሃን ላይ የቮልስ ችግር መች ሙቀት ሆኖ!

---

ሙሽ_ሸለቆ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12:45

ጥቀርሻው ላይ አስተያየት። ከፍታ ላይ ቤንዚን ስለሚበዛ ጂግለሩን (የካርቡራቶሩን ቤንዚን መጣኝ ቀዳዳ) ከ125 ወደ 115 አውርዱት፣ ታይሚንጉንም ከ7.5 ወደ 13 አስቀድሙት። አየሩ ሲሳሳ ቃጠሎው ይዘገያል፣ እሳቱ ቀድሞ መጀመር አለበት። ዳገት ላይ ልዩነቱን ወዲያው ታየዋለህ።

---

ከፍታ_ለኪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

ሙሽ ሸለቆ፣ ሐሳቡ ልክ ነው፤ ልኩ ግን አደገኛ ነው። ስሌቱን እዚሁ እንየው።

ካርቡራቶር የሚሰጠው ቤንዚን ከአየሩ ጥግግት ካሬ ሥር ጋር ነው የሚቀንሰው፣ አየሩ ግን በቀጥታ ይቀንሳል። በደብረ ብርሃን ከፍታ ጥግግቱ 76 በመቶ ስለሚሆን ድብልቁ 15 በመቶ ያህል ይወፍራል። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን የሚወፍረው 6 በመቶ ብቻ ነው። ሶሌክስ ጂግለር ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊ ሜትር። ቤንዚኑ የሚወሰነው በቀዳዳው ስፋት ካሬ ስለሆነ ወደ 120 መውረድ 8 በመቶ ይቀንሳል፣ ወደ 115 መውረድ ደግሞ 15 በመቶ።

115 ለደብረ ብርሃን ብቻ ልክ ይመጣል። ግን ይህች መኪና በሳምንት አንዴ ሸዋ ሮቢት ትወርዳለች፤ እዚያ 115 ድብልቁን 10 በመቶ ያሳሳዋል። የሳሳ ድብልቅ፣ ሙቀት፣ ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ረጅም ዳገት፣ በላዩ ላይ ደካማ የሆነ 3ኛ ሲሊንደር። ከዚህ የበለጠ ቫልቮላ ማቃጠያ የለም። 120 ሸዋ ሮቢት ላይ ከሞላ ጎደል ልክ ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ ይወፍራል። ትንሽ ጥቀርሻ ከተቃጠለ ቫልቮላ ይሻላል።

መጀመሪያ ግን አሁን የተገጠመው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ከዚህ በፊት ማን ምን እንደቀየረ አይታወቅም። አንዳንዱ ደግሞ በመርፌ ተሰፍቶ ቁጥሩ ውሸት ሆኖ ይገኛል።

---

ቦቢና_12 | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:50

ስለ ታይሚንጉም እንዲሁ። ሁለት ዲግሪ ማስቀደም ይቻላል፣ 9.5 ድረስ። 13 ግን ከሥሩ እስከ ላይ ያለውን ሁሉ በዚያው ልክ ይገፋዋል፤ በከፍተኛ ዙር ጠቅላላው ያልፋል። ውሃ በሚያቀዘቅዘው መኪና "ቅል ቅል" የሚለውን ድምፅ ትሰማለህ፤ ቮልስ ላይ ማራገቢያው ድምፁን ይውጠዋል፣ የምታውቀው ፒስተኑ ከተበሳ በኋላ ነው።

ስትሮብ ያለው ሰው ደግሞ በ3ኛው ላይ ከሞከረ ሌላ ቁጥር አይቶ እንዳይደነግጥ። በዚያ ዘመን በብዙዎቹ የቦሽ ዲስትሪቢውተሮች የ3ኛው ካም ሆን ተብሎ ጥቂት ዲግሪ ዘግይቶ ነው የተሠራው፣ እንዳይሞቅ። ብልሽት አይደለም።

---

ውርጭ_70 | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:30

ጂግለሩ ላይ 130 ይላል።

---

ከፍታ_ለኪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:34

ጥቀርሻው ከየት እንደመጣ ታወቀ። 120 ፈልግ።

---

ጉም_ሰንጣቂ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:50

ጂግለሩን ስትቀይር የተንሳፋፊውን መርፌና ከሥሩ ያለችውን ቀለበት እይ፤ የቤንዚን ፖምፓውንም ግፊት። ከ4 ፒኤስአይ በላይ የሚገፋ አዲስ ፖምፓ መርፌውን አንሥቶ ያጥለቀልቃል፣ በየትኛውም ጂግለር ጥቀርሻ ነው። ከፖምፓው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ከወፈረ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ማስተካከያው እሱ ነው።

መንገድ ላይ ሌላ ጊዜ ከጠፋችም ከመገመት በፊት ሁለት ነገር እይ። የአየር ማጣሪያውን አንሥተህ ቤንዚን መስጫውን በእጅህ ግፋ፤ ወደ ጉሮሮው ቀጭን ቤንዚን ከተረጨ ቤንዚን አለ፣ ካልተረጨ የፖምፓ ወይም የቱቦ ጉዳይ ነው። ቀጥሎ አንድ ካንዴላ አውጥተህ ማሳ ላይ አስነክተህ አስዙር፤ ነጭ ሰማያዊ ብልጭታ ጥሩ ነው፣ ቢጫ ቀጭን ከሆነ ደካማ። ካንዴላው ከወጣበት ቀዳዳ አርቀህ ያዘው፣ የሚተፋው ቤንዚን እሳት ይይዛል። ሚኒሞ ላይ ብቻ የምትጠፋ ከሆነ ደግሞ ከካርቡራቶሩ ጎን ያለችው የኤሌክትሪክ መዝጊያ ሽቦዋ ወልቆ እንደሆነ እይ። ቁልፉን ስትከፍት "ጠቅ" ማለት አለባት።

---

ውርጭ_70 | ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:20

የማሞቂያው ቱቦ በስተቀኝ ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ ነበር፤ ጸድቷል። የሞቃት አየር ቱቦው ገብቷል። ጂግለሩ 120። ቅዳሜ በጉም ውስጥ ጣርማ በርን ወጥታ ዋሻው አፍ ላይ ሚኒሞ ስትቆም አልጠፋችም። የ1፣ 2 እና 4 ካንዴላ አሁን ቡናማ ነው።

340 ኪሎ ሜትር ሆኗል። ዛሬ ማለዳ የተለካው የ3ኛው የጭስ ማስወጫ 0.07።

---

ጋሽ_ካንዴላ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:45

በል እንግዲህ፣ አሁን ነው የሚወርደው። ሌሎቹ ባሉበት ቆመው እሱ ብቻ በ340 ኪሎ ሜትር ግማሹን ከጨረሰ ወይ ቫልቮላው እየተለጠጠ ነው ወይ መቀመጫው እየሰመጠ። የሚለጠጥ ቫልቮላ ደግሞ እያስተካከሉ የሚነዱት አይደለም፤ አንገቱ ይቀጥናል፣ አንድ ቀን ራሱ ተቆርጦ ፒስተኑ ላይ ይወድቃል። ያኔ የጋራዡ ዋጋ እውነት ይሆናል። እስከዚያ ሸዋ ሮቢት አትውረድ።

የምታወጣው ግን ፒስተንና ፋሻ አይደለም፣ የግራውን ቴስታታ ብቻ። ሞተሯ በአራት 17 ብሎን ነው የተያዘችው። ቴስታታው ሲወጣ የ3ኛውን የጭስ ማስወጫ ቫልቮላ ጫፍ ከ4ኛው ጋር አወዳድር። አውጥተህም ርዝመታቸውን ለካ፦ የ3ኛው ከረዘመ ተለጥጧል፤ እኩል ሆነው የ3ኛው ወደ ውጭ ከገፋ መቀመጫው ሰምጧል፣ እሱ የማሽን ቤት ሥራ ነው። የጭስ ማስወጫዎቹን ሁለቱንም አዲስ አድርግ፣ ጋይዱ ውስጥ የሚወላውሉ ከሆነ ጋይዱም ይቀየር። በሁለቱ የጭስ ማስወጫና በካንዴላው ቀዳዳ መካከል ስንጥቅ ካለ ተጠንቅቀህ እይ።

ስትመልስ የግፊት ዘንጎቹን ቱቦዎች በእጅህ ሳብ ሳብ አድርገህ 190 ሚሊ ሜትር ገደማ አስረዝማቸው፣ የብየዳቸው መስመር ወደ ላይ ይሁን፤ ካልተሳቡ ዘይት ያንጠባጥባሉ። የቴስታታው ዳዶ 10 ሚሊ ሜትር ለሆነው ብሎን 32 ኒውተን ሜትር ነው፣ ከመሐል ወደ ዳር እየተሻገርክ፣ በሁለት ዙር።

---

ውርጭ_70 | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:02

እሺ ጋሼ። ቴስታታው ሲወጣ ሲሊንደሮቹን አብሬ ላውጣቸውና ፋሻውን ልየው?

---

ጋሽ_ካንዴላ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:10

አይሆንም። 78 የሚያነብ ፋሻ አይነካም። እንዲያውም ቴስታታው ሲላቀቅ ሲሊንደሮቹ አብረው እንዳይሳቡ በሽቦ ወይም በቱቦ ቁራጭና በዳዶ ባሉበት እሰራቸው። አንዱ ከሥሩ ጥቂት ከተነቃነቀ ሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን ይላቀቃል፣ ከዚያ በኋላ ዘይት ሲያንጠባጥብ የሚፈታው እንደገና ሁሉም ነው።